ደሙ ሳይረጋ

እናቴ ፍሪዘሩን ከፈተች። በነጭ ወረቀት የተጠቀለለውን የአደን ሥጋ አየች። በየጥቅሉ ላይ ቀኑንና የሥጋውን ዓይነት በጥቁር እስክሪብቶ ጽፌበታለሁ። አንዱን አነሳች፣ አገላብጣ አየችው፣ መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ስትደርስባት ነፍስ ነበራት?»

አልነበራትም። ልዋሻት አልቻልኩም።

«እንግዲያ በክት ነው፣ ልጄ» አለችና ፍሪዘሩን ዘጋችው። አልተቆጣችም። ድምጿ ውስጥ የነበረው ሐዘኔታ ነው። ያ ሁሉ ድካም፣ ያ ሁሉ ብርድ ለምን ነበር የሚል ዓይነት።

ይህ ከሆነ ስድስት ዓመት አለፈው። ጠመንጃ፣ ጥይት፣ ማነጣጠሪያ መነጽር ስለመምረጥ የማውቀውን ሁሉ እንደ አዲስ ያስጀመረኝ ያ ጥያቄ ነው። በሩቅ አደን ጉዳይ ላይ የሚጻፈውን ብዙ አንብቤያለሁ። እናቴ የጠየቀችኝን የጠየቀ ሰው ግን አላጋጠመኝም።

ኤልኳን የመታኋት ከ480 ያርድ ነው፤ በሜትር 440 ገደማ። ቦታው ኮሎራዶ፣ ከሚከር ከተማ በስተምሥራቅ ያለው ፍላት ቶፕስ ነው። ስሙ እንደሚለው አናቱ ሜዳ የሆነ ተራራ ነው፤ የኛን አምባ ያስታውሳል። ብርዱም የመንዝ ብርድ ነው። ኮሎራዶ ከአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ሁሉ ብዙ ኤልክ ያለባት ናት። ኤልክ ማለት አጋዘን ነው፣ ግን በሬ የሚያህል። እንስቷ እንኳ ከ200 ኪሎ በላይ ትመዝናለች።

ጠመንጃዬ ነጥብ 300 ዊንቸስተር ማግነም ነበር። አረሩ 200 ግሬን፣ ማለትም 13 ግራም ይመዝናል። ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ 870 ሜትር ገደማ ይበራል። ርቀቱን በሌዘር ለካሁ። መነጽሩ ላይ ያለውን ቁልፍ አዞርኩ። ነፋስ አልነበረም። ተኝቼ፣ ሰደፉን ትከሻዬ ላይ አጥብቄ፣ ትንፋሼን አውጥቼ ምላጩን ሳብኩ። አረሩ እዚያ ለመድረስ ከግማሽ ሰከንድ ትንሽ በለጠ። በዚያ መንገድ ላይ ከ80 ሳንቲ ሜትር በላይ ወርዷል፤ ቁልፉ ያንን አስተካክሎታል። ሳንባዋን አገኛት። ሠላሳ እርምጃ ያህል ሄዳ ወደቀች።

አብሮኝ የነበረው የሥራ ባልደረባዬ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ዋዮሚንግ ያደገ ሽማግሌ ነው፤ አደን ያስተማረኝ እሱ ነው። በአሜሪካ አዳኞች መለኪያ ንጹህ ምት ነበር። በእኔም መለኪያ እንደዚያው።

በመካከላችን ግን ሸለቆ ነበር። ወርጄ፣ ጅረቱን ተሻግሬ፣ ማዶውን በበረዶ ላይ ወጥቼ እስክደርስ 50 ደቂቃ ፈጀብኝ። ቀጭን በረዶ መጣል ጀምሮ ነበር። ዐይኗ ላይ አንዲት የበረዶ ቅንጣት አርፋ አየሁ። አልቀለጠችም። «በስመ አብ» ብዬ ቢላዬን አንገቷ ላይ አሳረፍኩ። የወጣው ደም የቡና ሲኒ አይሞላም።

ሥጋው አልባከነም። ኮሎራዶ ውስጥ የሚበላ ሥጋ ማባከን በሕግ ያስጠይቃል፤ ሕጉ ባይኖርም አላደርገውም። ባልደረባዬ ወሰደው፣ ለጎረቤቶቹም አካፈለ። በእኔ ቤት ግን አንዲት ጉርሻ አልተቀመሰችም።

በዚያ ሰሞን ስለ አጎቴ ብዙ አሰብኩ። ይፋት ቆላ ውስጥ ልጅ ሆኜ አብሬው የወጣሁባቸው ቀናት አሉ። ያረጀ ምንሽር ነበረው፤ ጥይቱ ከሦስት አይበልጥም። ሚዳቋ ወይም ድኩላ ሲመታ ምንሽሩን ለእኔ ወርውሮ ቢላውን መዞ ይሮጣል። እየሮጠ ነው «በስመ አብ ወወልድ» የሚለው። በእሾህ መሐል፣ በቋጥኝ ላይ፣ ባዶ እግሩን። ካልደረሰበት ጥሎት ይመለሳል። አንድ ቀን ከገደል ማዶ የቆመ ድኩላ አሳየሁት። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኛ! አጎቴ ድኩላውን አላየውም። ገደሉን ነው ያየው። «ማን ይደርስበታል?» አለኝና መንገዱን ቀጠለ።

ለንስሐ አባቴም ነገርኳቸው። አባ ዝም ብለው ሰሙኝና ዘሌዋውያን 17፣ ቁጥር 13ን እንዳነብ አዘዙኝ። የሚበላ አውሬ ወይም ወፍ ያደነ ሰው ደሙን ያፍስስ፣ በአፈርም ይክደነው ይላል። ስለ አደን የተጻፈ ሕግ እንዳለ እንኳ አላውቅም ነበር። ዋላና ሚዳቋ ከሚበሉት መሐል እንደሆኑ አውቃለሁ፤ ዘዳግም 14 ላይ በስም ተጠርተዋል። ይህንን ግን አይቼው አላውቅም። «ደሙ ይፍሰስ ነው የሚለው» አሉኝ አባ። «አንተ ደሙ የሚፈስበት ጊዜ ሳያልፍ ድረስ።»

ይህ ከአሜሪካ አዳኞች ምክር ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል። እነሱ ከተኩስ በኋላ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብለህ ጠብቅ ይላሉ። ምክንያት አላቸው፤ የቆሰለ እንስሳ ቶሎ ከተከተልከው ተነስቶ ይሸሻል። ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ግን ደም አያፈስም። ደግሞ እንስሳዋ በሕይወት እንድትቆየኝ ብዬ ምቱን ላበላሸው አልችልም፤ ያ ጭካኔ ነው። ስለዚህ የቀረኝ አንድ መንገድ ነው። በአንድ ጥይት የምትወድቅበት፣ እኔም ወዲያው የምደርስበት ርቀት። ደም ከሰውነት ከወጣ በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ መርጋት ይጀምራል። ለራሴ አሥር ደቂቃ ሰጠሁ። ያርድ ሳይሆን ደቂቃ።

ከዚያ ወዲህ የአደን ዕቃ ሁሉ መልኩ ተቀየረብኝ።

ያንን ማግነም ስገዛ ባለሱቁን የጠየቅኩት እስከ የት ይደርሳል ብዬ ነበር። ዛሬ ገበያው የሚመልሰው ይህንን ጥያቄ ነው። 6.5 ክሪድሙር የሚባለው ጥይት በ2007 ወጣ (ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። 6.5 ፒአርሲ በ2018፣ 7 ሚሊ ሜትሩ ፒአርሲ በ2022 ተከተሉ። ሁሉም አንድ ሐሳብ ይጋራሉ። አረሩ ረጅምና ሹል ይሁን፣ ለክብደቱ ቀጭን ይሁን፣ አየሩን ሰንጥቆ ይሂድ፣ ነፋስ አይግፋው። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ በደንብም ይሠራል። ርቀቱ ለሚያስፈልገው ሰው እነዚህን ከመምረጥ የተሻለ ነገር አልመክርም።

ረጅም አረር ግን በደንብ መሽከርከር አለበት። እንዝርት አስቡ። እናቶቻችን ጭናቸው ላይ አሹረው ሲለቋት ቀጥ ብላ ትሾራለች፤ ሲደክማት ትንገዳገዳለች። አረርም እንደዚያው ነው። የጠመንጃ አፈሙዝ ውስጡ ጥምዝ ቦይ አለው፤ አረሩን የሚያሾረው እሱ ነው። በ6.5 ክሪድሙር አረሩ በየ8 ኢንቹ አንድ ሙሉ ዙር ይዞራል። በድሮው ነጥብ 270 ዊንቸስተር ደግሞ በየ10 ኢንቹ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በ10 ኢንች ጥምዝ ውስጥ ዘመናዊውን ረጅምና ከባድ አረር ብትተኩሱበት እንደ ደከመች እንዝርት ይንገዳገዳል። ነጥብ 270ን የሩቅ ተኳሾች የተዉት በዚህ ምክንያት ነው። ጥይቱ የተወለደው በ1925 ነው፤ ራስ ተፈሪ ገና አልጋ ወራሽ ነበሩ።

እኔ የመረጥኩት እሱን ነው።

ለምን? 130 ግሬን አረሩ ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ 930 ሜትር ገደማ ይበራል። 200 ያርድ ላይ ካስተካከልኩት፣ 300 ያርድ ላይ የሚወርደው 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የኤልክ ደረት ላይ የሚመታው ቦታ ከ40 ሳንቲ ሜትር አያንስም። ስለዚህ ቁልፍ ማዞር የለ፣ ሒሳብ የለ። ማነጣጠር ብቻ። ግፊቱ ደግሞ ከማግነሙ በጣም ይቀላል። ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ማግነሙን ስተኩስ ሳላውቀው ዐይኔን እጨፍን ነበር። ባልደረባዬ አንድ ቀን ሳያስታውቀኝ ባዶ ቀለህ አጎረሰልኝ። ምላጩን ስስብ ጠመንጃው ዝም አለ፤ ትከሻዬ ግን ዘለለ። አፈርኩ። ትከሻው የሚዘል ሰው ከአፈሙዝ የሚወጣው ፍጥነት ምንም አያደርግለትም።

ጠመንጃው ፊንላንድ የሚሠራ ቲካ ነው፤ ከነመነጽሩ ከአራት ኪሎ በታች ይመዝናል። ስሮጥ እጄ ላይ አይከብደኝም። አዎ፣ ስሮጥ ነው ያልኩት። ጠመንጃ የመረጥኩት ከተኩሱ በኋላ ያሉትን አሥር ደቂቃዎች እያሰብኩ ነው። መነጽሩም በዚሁ ምክንያት ትንሽ ነው፤ እስከ 9 እጥፍ ያጎላል፣ ይበቃኛል።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ አረሩ ነው። ሰው ስለ ጠመንጃ ብዙ ያወራል፤ እንስሳውን የሚነካው ግን አረሩ ብቻ ነው። የመጀመሪያዋን ኤልክ የመታሁበት ለስላሳ አረር ነበር። ውስጧ ገብቶ ተበታተነ። ቶሎ ገደላት፣ በሌላኛው ጎኗ ግን አልወጣም። ደሟ ደረቷ ውስጥ ተጠራቅሞ ቀረ። እኔ አሁን የምፈልገው በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው የሚወጣ አረር ነው። ሁለት ቀዳዳ ካለ ደሙ ከእኔ ቀድሞ መፍሰስ ይጀምራል።

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። ጆን ኖስለር የሚባል አሜሪካዊ በ1946 ካናዳ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ሙስ የሚባል ትልቅ የአጋዘን ዓይነት ተኮሰ። ሙሱ ጭቃ ላይ ተንከባሎ ቆዳው በደረቀ ጭቃ ተለስኖ ነበር። አረሮቹ ላይ ላዩን ተበታተኑ፣ ወደ ውስጥ አልገቡም። ሰውየው ቤቱ ገብቶ ሌላ አረር ሠራ። በመሐሉ የመዳብ ግድግዳ አለው። የፊተኛው ግማሽ ይከፈታል፣ የኋለኛው ሳይበተን ወደ ፊት ይገፋል። በ1948 ለገበያ አወጣው፤ ዛሬም ይሸጣል። ይህን ታሪክ እወደዋለሁ። አንድ አዳኝ በገዛ ምቱ ቅር ተሰኝቶ ችግሩን ከሥሩ ያየበት ታሪክ ነው።

እኔ ግን አንድ እርምጃ አልፌ ሙሉ በሙሉ መዳብ የሆነውን ወሰድኩ። ባርነስ የሚባለው ፋብሪካ በ1989 ያስጀመረው ዓይነት ነው። ፊቱ ሲከፈት እንደ አበባ አራት ቦታ ይዘረጋል፣ ክብደቱን ግን አይጥልም ማለት ይቻላል። እርሳስ የለበትም። እኛ ቤት ሁለት ልጆች አሉ። እርሳስ ሲበታተን ዐይን የማያየው ፍንጣሪ ሥጋው ውስጥ ይቀራል። በ2008 ሰሜን ዳኮታ ውስጥ አዳኞች ለድሆች የለገሱት የተፈጨ ሥጋ ውስጥ የእርሳስ ፍንጣሪ ተገኝቶ ሥጋው እንዳይታደል ተከልክሏል። ካሊፎርኒያ ደግሞ ከሐምሌ 2019 ጀምሮ በእርሳስ ማደንን ሙሉ በሙሉ ከልክላለች። እዚያ ዋናው ምክንያት ኮንዶር የሚባለው ትልቁ አሞራ ነው፤ አዳኝ ጥሎት የሄደውን ሆድዕቃ እየበላ በእርሳስ ይመረዛል።

መዳብ የራሱ ጣጣ አለው። ከእርሳስ ይቀላል፤ ስለዚህ እኩል የሚመዝን አረር ሲሠሩበት ይረዝማል። ሲረዝም ደግሞ ወደ እንዝርቱ ነገር ተመለስን። 130 ግሬኑ በኔ ጠመንጃ በደንብ ይሾራል፤ ከዚያ የረዘመ ብመርጥ ኖሮ እቸገር ነበር። ሁለተኛው ጣጣ ፍጥነት ነው። መዳብ ጠንካራ ስለሆነ እንዲከፈት በፍጥነት መምታት አለበት። ሩቅ ሄዶ ከደከመ ሳይከፈት እንደ ወስፌ ወግቶ ያልፋል። ስለዚህ ለ600 ያርድ አደን መዳብ አልመክርም። ለኔ አሥር ደቂቃ ግን ከበቂ በላይ ፈጣን ነው።

ጥይት ሲሠራ ማየት ከፈለጋችሁ አንድ ምሽት ከሚሠራ ሰው ጋር ተቀመጡ። ባልደረባዬ ጋራዡ ውስጥ ይሠራል። ባዶውን ቀለህ ያጥባል፣ አፉን ያስተካክላል፣ ባሩዱን የሚያቀጣጥለውን አዲስ ፕራይመር ቂጡ ላይ ይጭናል። ባሩዱን በትንሽ ሚዛን ይመዝናል። ሚዛኑ የግሬንን አንድ አሥረኛ ይለያል። ግሬን ስሙ የመጣው ከእህል ፍሬ ክብደት ነው። በቁንጥጫው ይዞ ሁለት ሦስት ቅንጣት ባሩድ ጠብ ያደርጋል፣ ቁጥሩ ይረጋል፣ ባሩዱን በፈንጢያ ቀለሁ ውስጥ ያፈሳል። ራዲዮ አይከፍትም፣ ስልክ አያነሳም፣ እኔም አላናግረውም። ሁለት እጥፍ ባሩድ የገባበት ጥይት ዐይንና እጅ ይወስዳል። እኔ ራሴ አልሠራም። ፋብሪካ የሠራውን እገዛለሁ። ከአንድ ምርት ቁጥር ብዙ ፓኮ እገዛና ዓመቱን ሙሉ ያንኑ እተኩሳለሁ፤ ምክንያቱም የምርት ቁጥሩ ሲቀየር አረሩ የሚያርፍበት ቦታም ትንሽ ይቀየራል።

ኢላማ ሜዳ ላይ እስከ 600 ያርድ መተኮሴን አልተውኩም። ነፋስን የሚያስተምረው ሩቁ ነው። 500 ያርድ ላይ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ አረሩን ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ ይገፋዋል። ያ ነፋስ ፊት ላይ ሲሰማ ቀላል ነው፣ ቅጠል ያወዛውዛል። ሸለቆ ውስጥ ደግሞ እዚህ ወደ ግራ፣ ማዶ ወደ ቀኝ ሊነፍስ ይችላል። የብረት ኢላማ ብስት የሚጎዳ የለም።

ባለፈው ጥቅምት ወደዚያው ተራራ ተመለስን። ብርቱካንማ ሰደርያችንንና ቆባችንን ለብሰን ከንጋቱ በፊት ወጣን። በሁለተኛው ቀን ማለዳ አንዲት እንስት ኤልክ ከሸለቆ ማዶ ቆማ አገኘኋት። ሌዘሩ 310 ያርድ አለ። ጠመንጃው ይችላል። አረሩም ይከፈታል። ባልደረባዬ በዐይኑ ጠየቀኝ። እኔ ሸለቆውን አየሁት። ቁልቁለቱ በረዶ የያዘ ድንጋይ ነው፣ ዳገቱ የወደቀ ግንድ የሞላበት። አርባ ደቂቃ። «ማን ይደርስበታል?» አልኩ በአማርኛ። አልገባውም፤ ግን ጠመንጃዬን ሳወርድ አየ። እሷም ተረጋግታ ሣሯን ስትግጥ ቆይታ ጫካ ገባች።

ያገኘኋት በማግሥቱ ነው፣ አስፐን ዛፎች መሐል። ሌላ ናት። 140 ያርድ። በመካከላችን ደረቅ ሣር ብቻ። ቃታውን ስቤ ጥይት አጎረስኩ፣ ጉልበቴ ላይ ተደገፍኩ፣ ተኮስኩ። ስትወድቅ ጠመንጃውን ባዶ አድርጌ ለባልደረባዬ ሰጠሁትና ሮጥኩ። ስደርስ ሁለት ደቂቃ አልሞላም። ትንፋሿ ይኑር አይኑር ማወቅ አልቻልኩም፤ የኔ ትንፋሽ ጆሮዬን ደፍኖታል። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ።» ደሙ ትኩስ ነበር። ሣሩ ላይ ሲፈስ እንፋሎቱ ፊቴን ነካኝ። መሬቱ ቀዝቅዞ ደርቋል፤ በቢላዬ እየፈለፈልኩ፣ በእጄ እየዛቅኩ አፈር አለበስኩት። ባልደረባዬ ቆቡን አውልቆ ቆሞ ጠበቀኝ።

ማታ ቤት ስገባ እናቴ በር ከፈተችልኝ። ያንኑ ጠየቀችኝ።

«አላውቅም፣ እማዬ» አልኳት። «ደሟ ግን ፈሰሰ። አፈር አልብሼዋለሁ።»

እጄን ያዘችና ጥፍሬ ሥር የቀረውን አፈር አየችው። ምንም አላለችም። ውኃ ልታሞቅልኝ ሄደች።

ሥጋው ወዲያው አይበላም። እዚህ አካባቢ አጋዘኖችን የሚገድል የአንጎል በሽታ አለ፤ ናሙና ልከን ውጤቱን እንጠብቃለን። ጥሬውንም አንበላም፤ የአውሬ ሥጋ ነውና ክትፎ አይሞከርም። ውጤቱ ንጹህ ሆኖ የመጣ ዕለት ማታ ከሥራ ስመለስ እናቴ አንዱን ጥቅል አውጥታ ሳህን ላይ አስቀምጣዋለች። ወረቀቱን ፈታ በጣቷ ጫን አደረገችው። ጥቁር ቀይ ነው፣ ጮማ የለውም። ሽንኩርት ልክተፍልሽ ወይ አልኳት።

«ዛሬ ረቡዕ ነው» አለች። ክዳን ከደነችበትና ፍሪጅ ውስጥ አስገባችው። «ለነገ ይደር።»